2,147,483,647፦ የድሮ ኮምፒውተሮች ቆጥረው የሚጨርሱበት ቁጥር

ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን ከ147 ሚሊዮን ከ483 ሺህ 647 ነው። 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ታገኙታላችሁ። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ይህንን ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሌዎናርድ ኦይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1772፣ ዓይኑ ማየት ተስኖት ሳለ። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ሌላ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ46,341 ማነስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ መሞከር አድካሚ ነው። ኦይለር ግን አቋራጭ አገኘ፦ አካፋይ የሚሆነው ብቸኛ ቁጥር ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት። ስለዚህ 3ን፣ 7ን፣ 11ን መሞከር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ተፈታኝ 311 ነው። ቁጥራችንን ለ311 ብታካፍሉት 35 ይተርፋል፤ ወደቀ። የቀሩትም አንድ በአንድ ወደቁ።

ከዚህ ቁጥር ሌላም ይወለዳል። በ1,073,741,824 ስታባዙት 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል። ይሄኛው እንደ 6 ፍጹም ቁጥር ነው። የ6 አካፋዮች፣ ራሱን ሳይጨምር፣ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አይፈልግም ብሎ ነበር፤ ምን ይጠቅማል ብሎ። ተሳስቷል። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ አስገኘ።

ጥቅሙም ቢሆን ዘግይቶ መጣ። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትጻፍባት አንዲት ቦታ ናት። ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር አንዷን ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይይዛል። በቀሩት 31 ቢቶች የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው የኛው 2,147,483,647 ነው። 1 ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል።

ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት መጨረሻቸው ላይ የሚደርሱት በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ውሃው ዳር አድረው ጸበሉ በሚባረክበት ማለዳ መሆኑ ነው። ካልተስተካከሉ በቀጣዩ ሰከንድ ቀናቸው ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይመለሳል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ወደነበሩበት ዘመን።

መፍትሔው ወደ 64 ቢት መሻገር ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተሻግረዋል። የሚያሳስበው በፋብሪካና በሌላ መሣሪያ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ የሚሠራው ትንሽ ኮምፒውተር ነው።