ወርቃማ አክሲዮን፦ የእንግሊዝና የዌልስ የውሃ ኩባንያዎች አጥር

የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የእንግሊዝንና የዌልስን አሥር የውሃና ፍሳሽ ድርጅቶች ለሕዝብ በአክሲዮን የሸጠው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ነው። አንዱ አክሲዮን 2 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ነበር። ገዢው በቅድሚያ 1 ፓውንድ ይከፍላል፤ ቀሪው በሁለት ዙር ይገባል። ከሽያጩ በፊት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ እዳ ተሰረዘ። እዳው የተነሣለት፣ ደንበኛው ሌላ አማራጭ የሌለው ኩባንያ ለማን አያጓጓም? ከዚያ በፊትም ቢሆን የፈረንሳይ ድርጅቶች በግል የተያዙ ትንንሽ የውሃ ኩባንያዎችን መግዛት ጀምረው ነበር።

ስለዚህ መንግሥት በየኩባንያው አንዲት አክሲዮን ለራሱ አስቀረ። ወርቃማ አክሲዮን የምትባለው እሷ ናት። የወረቀት ዋጋዋ 1 ፓውንድ፣ ጉልበቷ ግን የትየለሌ። ደንቡ ማንም ከ15 በመቶ በላይ ድርሻ እንዳይዝ ይከለክላል። ይህን ደንብ ለመቀየር የግድ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለሀብቱ ገንዘቡን ቢከምርም ከ15 በመቶው አያልፍም። ጥበቃው ሥራ አስኪያጆችን አዝናንቷል የሚሉ አሉ፤ ለአዲስ ኩባንያ ግን ፋታ መስጠቱ አይካድም።

ፋታው አምስት ዓመት ብቻ ነበር። በ1994 መጨረሻ አጥሩ ተነሣ፣ ገዢዎችም ጊዜ አላባከኑም። የፈረንሳዩ የውሃ ኩባንያ ሊዮኔዝ ዴዞ ለደንበኞች የሚያስከፍለውን ዋጋ እንዲቀንስ ተገዶ ኖርዘምብሪያን ዋተርን ወሰደ። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ስኮቲሽ ፓወር በ1996 ሳውዘርን ዋተርን፣ የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ1998 ዌሴክስ ዋተርን ገዙ። ለንደን ላሉ ሐበሾች ቢል የሚልከው ቴምስ ዋተርም ለጀርመኑ የኃይል ኩባንያ አርደብልዩኢ፣ በ2006 ደግሞ በአውስትራሊያው ባንክ በማኳሪ ለሚመራ ቡድን ተላለፈ።

የቀረው መከላከያ የውህደት ሕጉ ነበር። ተቆጣጣሪው ኦፍዋት ዋጋ የሚወስነው ኩባንያዎቹን እርስ በርስ እያወዳደረ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ማወዳደሪያው ይጎድላል። በ1996 ሰቨርን ትሬንትና ዌሴክስ ሳውዝ ዌስት ዋተርን ለመግዛት ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ግን ከውሃው ዘርፍ ውጭ የሚመጣውን ገዢ አያስቆምም።

ዌልስ ሌላ መንገድ አገኘች። በ2001 ግላስ ከምሪ የተባለ ባለአክሲዮን የሌለው ኩባንያ ዌልሽ ዋተርን ከነእዳው ተረከበ። ትርፉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በገበያ የሚሸጥ ድርሻም የለውም። የከፈለው ዋጋ 1 ፓውንድ ነበር።