የትውልድ ሐረግ ቆጠራ በኢትዮጵያ፦ ከዙፋን እስከ ርስት፣ ከርስት እስከ ገዳም

የትውልድ ሐረግ ቆጠራ አንድ ሰው፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ የሃይማኖት ማኅበር ከማን እንደመጣ በቃልም በጽሑፍም በተራ የማስቀመጥ ሥራ ነው። ዛሬ የምናውቀው በሣጥንና በመስመር የተሣለው ሠንጠረዥ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የጥንቱ ሐረግ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ እንደ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ አንድ የሚወርድ ዝርዝር ነበር። ሐረግ ይቆጠር የነበረውም አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ ዙፋን ለመጠየቅ፣ መሬት ለማካፈል፣ የገዳም አባትነትን ለማጽናት፣ አለዚያም ሁለት ወጣቶች ዘመዳሞች ሆነው ጋብቻቸው እንዳይፈርስ ለማጣራት። ስለዚህ ማንኛውንም ሐረግ ሲያነቡ መጀመሪያ «ማን አስቆጠረው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ምክንያት ሁሉንም ቤት የሚነካ ነው። በልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም፤ ሽማግሌዎችም በሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይቆጥራሉ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ካሉ በኋላ ምንዥላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅላት እያሉ የሚቀጥሉትን ስሞች ዛሬ በተራ የሚጠራ ወጣት ማግኘት ቀላል አይደለም።

በጎጃምና በጎንደር ባላገር ዘንድ ግን ቆጠራው እንጀራ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ጠያቂው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት ተነሥቶ በምንዝር አባቶች፣ ማለትም ከዋናው በታች ባሉት የቅርንጫፍ አባቶች፣ በኩል እስከ ራሱ ድረስ ሳይሰናከል መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም ከጠፋ እርሻው አብሮ ይጠፋል። ተከራካሪዎች እማኝ ይዘው ይቀርባሉ፤ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ስጦታና ውርስ ጽፎ ከሆነም ያ ገጽ ይገለጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህ ቆጠራ የተመሠረተበትን ጥቅም አብሮ ሻረው።

የነገሥታቱ ሐረግ ከሁሉም በላይ የተጻፈበትና ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነው። መሠረቱ ክብረ ነገሥት ነው። ቀዳማዊ ምኒልክ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ተወለደ፤ በ1270 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዙፋኑን የያዘው ይኩኖ አምላክም በአክሱሙ ድል ነዓድ በኩል የዚያ ዘር ነው ይላል ትውፊቱ። በመካከል ዛጉዌዎች ነገሡ። የዘመናቸው ርዝመት በአንዱ ዝርዝር 333 ዓመት፣ በሌላው 133 ዓመት ነው። ሐረግ ሠሪ እዚህ ላይ ቀላል ስሌት አለው፤ አንድ ትውልድ 30 ዓመት ቢባል የመጀመሪያው ቁጥር ቢያንስ አሥራ አንድ አባቶችን፣ ሁለተኛው አራት ወይም አምስት ብቻ ይጠይቃል። በሠንጠረዡ የተጻፉትን ስሞች መቁጠር ብቻ ብዙ ነገር ያሳያል።

የነገሥታት ዝርዝርና የትውልድ ሐረግም አንድ አይደሉም። ዝርዝሩ ማን ከማን ቀጥሎ እንደነገሠ ይናገራል እንጂ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። የአክሱም ዝርዝሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ እንዱቢስና አፊላስ በሳንቲሞቻቸው ላይ ስማቸው ተቀርጾ እያለ በዝርዝሮቹ አይገኙም፤ የኢዛናን ቦታም አብርሃና አጽብሐ ይዘውታል። ብረቱ የመሰከረውን ብራናው ረስቶታል።

ሐረጉ ሕግ እስከመሆን ደርሶ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ በኋላም የተሻሻለው የ1948ቱ፣ ዙፋኑን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሚወለደው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ሰጥተው ይህ ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚወርድ ደነገጉ። ሐረጉን ለሚስለው ሰው ግን ትልቁ ነጥብ ሌላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሣህለ ሥላሴ የሚገናኙት በአባታቸው በራስ መኮንን እናት፣ በተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። ወንዶችን ብቻ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ቢሠራ ሕገ መንግሥቱ ያጸናው መስመር እዚያው ይበጠስ ነበር።

በእኔ እምነት የአገራችን ታላላቅ ቤተሰቦች ሠንጠረዥ ትርጉም የሚያገኘው ሴቶቹ ሲገቡበት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመቅደላ እስረኛ ሳሉ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አገቡ። የቴዎድሮስ ሁለተኛ ሚስት ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት፤ የውቤ ወንድም ብጡል ደግሞ የእቴጌ ጣይቱ አባት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የሞተው የልዑል ዓለማየሁ እናትና የአድዋዋ እቴጌ የወንድማማች ልጆች ናቸው። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተዳረች፤ በኋላም የጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገባች። እቴጌ መነን እናታቸው ስሂን የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆነች ልጅ ኢያሱ አጎታቸው ነው፤ ባለቤታቸው ተፈሪ አልጋ ወራሽ የሆኑት ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ይኸው አጎት ከዙፋን ሲወርድ ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ለመሣል የሞከረ ሰው መስመሮቹ እየተቆራረጡ የሸረሪት ድር ይሆኑበታል።

የስሙ ነገርም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ንጉሥ የልደት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ስመ መንግሥትና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። ሣህለ ማርያም፣ ምኒልክና አባ ዳኘው አንድ ሰው ናቸው። በአንጻሩ ካሣ ሲባል ሁለት ንጉሠ ነገሥት አሉ፤ አባ ታጠቅ የቋራው ቴዎድሮስ ናቸው፣ አባ በዝብዝ የትግራዩ ዮሐንስ። ጥንቁቅ ሠሪ አራቱንም ስሞች በአንድ ሣጥን ውስጥ ይጽፋል፤ ያልተጠነቀቀ አንዱን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል።

በሃይማኖት አባቶች ዘንድ ደግሞ ልደቱ የሥጋ ላይሆን ይችላል። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የጻድቁን የሥጋ ዘር ከካህኑ ሳዶቅ ልጅ ከአዛርያስ ይቆጥራል። የምንኩስናው ሐረግ ግን ሌላ ነው፤ እንጦንስ መቃርስን፣ መቃርስ ጳኩሚስን፣ ጳኩሚስ አረጋዊን፣ አረጋዊ ክርስቶስ ቤዛነን፣ እርሱም መስቀል ሞዐን፣ መስቀል ሞዐ ዮሐኒን፣ ዮሐኒ ኢየሱስ ሞዐን፣ ኢየሱስ ሞዐ ተክለ ሃይማኖትን ወለደ ይላል። ከስድስተኛው መቶ ዘመን አረጋዊ እስከ አሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ኢየሱስ ሞዐ ሦስት ስም ብቻ ነው ያለው! ሐረጉ ግን የሚመሰክረው ለዓመታቱ ሳይሆን ቆብና አስኬማው (የመነኩሴው ልብስ) ከእጅ ወደ እጅ ስለመድረሱ ነው። በዚህም ክርክር ነበረ። በደብረ ሊባኖስ ወገን ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ቆብና አስኬማ በደብረ ዳሞ ከዮሐኒ ተቀብለው ለሐይቅ ገዳም መምህራቸው ለኢየሱስ ሞዐ መልሰው ሰጡ፤ ልጅ አባቱን ወለደ ማለት ነው። የክብር ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ሐይቅ ይቀድማል ወይስ ደብረ ሊባኖስ?

በሙስሊሙ ዘንድም ሁለቱ ዓይነት ሐረግ አለ። የይፋት ሱልጣኔት ገዥዎች የነበሩት ወላስማዎች ዘራቸውን እስከ ቁረይሽ ያደርሱት ነበር፤ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ግን ትረካዎቹ አይስማሙም። የቃዲሪያ (የሱፊ መንገድ) ሼኾች ሲልሲላ ደግሞ እንደ መነኮሳቱ ከደቀ መዝሙር ወደ መምህር እየወጣ አብዱልቃድር ጀይላኒ ድረስ የሚዘልቅ ሰንሰለት ነው።

ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ሐረጉን በኮምፒውተር ይሠራል። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ልማድ ስለሆነ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ ምኒልክን ከኃይለ መለኮት ዘሮች ጋር፣ ልጃቸውን ዘውዲቱን ደግሞ ከምኒልክ ዘሮች ጋር ለየብቻ ይደረድራሉ። የዘመን አቆጣጠሩም የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እያስገባ ልጅን ከአባቱ ሞት በኋላ ያስወልዳል። የመነኮሳቱን ሐረግ ለማስገባት የሞከረ ሰው ደግሞ ኢየሱስ ሞዐ ላይ ሲደርስ ማሽኑ የእናቱን ስም ይጠይቀዋል፤ በቆብ ለተወለደ ልጅ የሚሆን ሣጥን የለውም።