ጨው፣ አልካላይን ውሃ እና ዘይት የሚያጠራቅም አልጌ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሎጎ ሐይቅን ታገኛላችሁ። ከአልጌ፣ ማለትም ውሃን አረንጓዴ ከሚያደርጉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ ዘይት ወጥቶ ነዳጅ ይሆናል የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ፣ እዚህ ወሎ ውስጥ ስለ ሐይቁ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ሐይቁን ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ጨዋማና አልካላይን አንድ ናቸው»

አይደሉም። ጨዋማነት ውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ብዛት ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል አለው። አልካላይንነት ግን ከፒኤች ጋር፣ ማለትም ውሃው አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑን ከሚለካው ቁጥር ጋር፣ የተያያዘ ነው፤ ቁጥሩ ከ7 በላይ ሲሆን አልካላይን ነው። ከአፍዴራ የሚመጣልንን ጨው ውሃ ላይ ብትበትኑት ውሃው ጨዋማ ይሆናል እንጂ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም። የአመድ ውሃ ግን ጣት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ አልካላይን ማለት እሱ ነው። ሎጎ ሐይቅም መውጫ ወንዝ የለውም፣ ፒኤቹ 9 አካባቢ ነው፤ ሆኖም ቆሮሶ ዓሣ ይኖርበታል፣ የጨው ሐይቅም አይባልም።

«ጨው አልጌን ይገድላል»

ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖረውን ዓይነት አዎ፣ ይጎዳዋል። ዱናሊየላ የሚባለው አልጌ ግን ጨው ሊረጋ በደረሰበት ውሃ ውስጥም ይኖራል። ጨው ውሃውን እንዳይመጥበት ውስጡን ግሊሰሮል በሚባል ውሃ በሚይዝ ነገር ይሞላል።

«ጨው በጨመርን ቁጥር ዘይቱ ይጨምራል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በከፊል እውነት ስላለው ነው የሚያታልለው። አልጌ ሲጨነቅ፣ ማለትም ጨው ሲበዛበት ወይም ናይትሮጅን ሲያጥረው፣ መከፋፈሉን ይቀንስና የሠራውን ኃይል በስብ መልክ ያከማቻል፤ ዘይቱ የምንለው ይህ ስብ ነው። ስለዚህ የአንዷ ሕዋስ ስብ በመቶኛ ሲሰላ ከፍ ይላል። የሕዋሳቱ ቁጥር ግን ይቀንሳል። ኑግ አስቡ፦ ፍሬው ቅባታም ሆኖ ማሳው ግማሹ ባዶ ቢሆን ዘይት ጨማቂው ምን ያገኛል? አሜሪካ ከ1978 እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት ትልቅ የምርምር ፕሮግራም ነበራት። ያገኙትም ይኸው ነው፤ አልጌው ሲራብ የስቡ ድርሻ ይጨምራል፣ በጠቅላላ የሚመረተው ዘይት ግን አይጨምርም። ስለዚህ «ዘይቱ ስንት በመቶ ነው?» ከማለት «ኩሬው በቀን ስንት ግራም ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንዳንዶች በመጀመሪያ በደህና ውሃ ያበዙትና መጨረሻ ላይ ብቻ ያስጨንቁታል። ለእኔ ይሄ የበለጠ ያሳምነኛል።

«አልካላይን ውሃ ጉዳት ብቻ ነው»

እንዲያውም ትልቅ ጥቅም አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ ውሃ ውስጥ ባይካርቦኔት የሚባል የሟሟ ካርቦን ሆኖ ይቀመጣል፤ አልጌው ምግቡን አጠገቡ ያገኛል። አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳትም እንዲህ ያለውን ውሃ ብዙዎቹ አይችሉትም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ማዳበሪያው ነው። ፒኤች ከ9 ሲያልፍ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው አሞኒየም ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ አሞኒያ ደግሞ አልጌውን ይመርዛል። ናይትሮጅኑን በናይትሬት መልክ መስጠት ይሻላል።

«አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ዘይት አለው»

የለውም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ጭጡ ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርገው ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ነው፤ አልካላይን ውሃ ይወዳል። ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው። ሰው የሚፈልገውም ለምግብነቱ ነው።