አንኢንኮርፖሬትድ ኮሚዩኒቲ ምንድን ነው?

አሜሪካ ያለ ሐበሻ የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግን ያውቃታል። ከንቲባዋ ማን ናቸው ብትሉት ግን መልስ አያገኝም። ከንቲባ የላትማ!

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰፈር በሕግ ከተማ የሚሆነው በግዛቱ ሕግ ተቋቁሞ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝ ነው። ያኔ የራሱ ምክር ቤትና በጀት ይኖረዋል። ይህ የሌለው አንኢንኮርፖሬትድ ኮሚዩኒቲ ይባላል። በእኛ አነጋገር ማዘጋጃ ቤት የሌለው መንደር እንደማለት ነው። ፖሊሱም መንገዱም በአብዛኛው የካውንቲው፣ ማለትም ከግዛቱ በታች ያለው አስተዳደር ጉዳይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ትልቅ ናት። ብዙዎቹ አንኢንኮርፖሬትድ ኮሚዩኒቲዎች ግን ትንንሽ የገጠር መንደሮች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የእኔን ልብ የያዘችው የካንሳሷ ኒቆዲሞስ ናት።

በ1877 እ.ኤ.አ. ከባርነት የወጡ ጥቁሮች፣ አብዛኞቹ ከኬንታኪ፣ የራሳችን መሬት ይኖረናል ብለው ወደዚያ ሜዳ ሄዱ። ለቤት የሚሆን እንጨት እንኳ እንደልብ አልነበረም። መሬት ቆፍረው ገቡበት። ዊሊያና ሂክማን የተባሉ እናት በቀጣዩ ዓመት ሲደርሱ ኒቆዲሞስን ፈልገው አጧት። ባለቤታቸው ከመሬት የሚወጣ ጭስ አሳዩአቸው። ከጭሱ ስር ሰው ይኖራል። እንባቸው መጣ።

መንደሯ ግን አደገች። ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጋዜጣ ሳይቀር ኖራት። እዚያ የሰፈሩት ኤድዋርድ ማክኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆነው ተመረጡ። ለዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚቆጨኝ የባቡሩ ነገር ነው። ነዋሪው ሐዲዱ በመንደራችን ያልፋል ብሎ ሲጠብቅ፣ በ1888 ከሰለሞን ወንዝ ማዶ አለፈ። ነጋዴው ሱቁን ይዞ ሐዲዱን ተከተለ። ገበያው ሲሄድ ወጣቱም ሄደ። ፖስታ ቤቱ በ1953 ተዘጋ።

በ1996 ኒቆዲሞስ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተባለች። በ2020 ቆጠራ የተገኙት ነዋሪዎች 14 ናቸው። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ግን የመሥራቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ከያሉበት ይመጣሉ። የነፃነት በዓላቸውን እዚያው መንደር ላይ ያከብራሉ። ያን ሰሞን ኒቆዲሞስ ሰው በሰው ትሆናለች።