«አውቶቡስ አለ» ሲባል፦ ስለ ሕንድ መንደሮች የሚደጋገሙ ስህተቶች

ማስተርሴን የሠራሁት ሕንድ፣ ፑኔ ነው። አሁን ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የሕንድን ገጠር ከእኛ ጋር የሚያወዳድር ተማሪ ይመጣል። ያው ስህተትም አብሮት ይመጣል። ሰለቸኝ፤ አንዴ ልጻፈው።

«የመንደሩ ሕዝብ ብዛት ይህን ያህል ነው።» ነበር በሉ። በእጃችሁ ያለው የመንደር ቁጥር እ.ኤ.አ. የ2011 ቆጠራ ነው። የ2021ዱ በኮቪድ ሳይካሄድ ቀርቶ ቀጣዩ ለ2027 ተቀጥሯል። በ2011 ጡት ይጠባ የነበረው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል።

«ማንበብና መጻፍ የሚችለው 65 በመቶ ከሆነ፣ ከ1,000 ሰው 650ው ተምሯል።» አልተማረም። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ስሌቱ ውስጥ የሉም። ሕፃናቱ 140 ቢሆኑ 65 በመቶው የሚሰላው ከ860 ነው። 559 ሰው ማለት ነው።

«የጾታ ምጣኔው 943 ነው፣ የእኛ 100 አካባቢ።» ሕንዶች ለ1,000 ወንድ ስንት ሴት እንዳለ ይቆጥራሉ። እኛ ለ100 ሴት ስንት ወንድ እንዳለ። ሳትገለብጡ አታወዳድሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በቆጠራው የመንደር መዝገብ ላይ «የሕዝብ አውቶቡስ፦ አለ» የሚል ይገኛል። ተማሪው ይህን ያይና «መንደሩ የትራንስፖርት ችግር የለበትም» ብሎ ይደመድማል። «አለ» ግን በቀን ስንቴ እንደሚመጣ አይናገርም።

ማራትዋዳ የሚባለው ደረቅ አካባቢ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሰንብቼ ነበር። መዝገቡ ላይ አውቶቡስ አላቸው። ቀይዋ የመንግሥት አውቶቡስ ናት፤ ሰዉ በፍቅር «ላል ፓሪ» ይላታል። ጠዋት 1 ሰዓት አንዴ፣ ማታ 12 ሰዓት አንዴ ትመጣለች። የጓደኛዬ እህት ከተማ ነው የምትማረው። ትምህርቷ 10 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፌርማታው ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን እየሠራች ትጠብቃለች። አውቶቡሷ ከቀረች አውቶ ነው፤ እኛ ባጃጅ የምንለው። ካልሞላ አይነሳም። እኔ የተሳፈርኩ ዕለት አሥር ሰዎች ነበርን። አንድ እግሬ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ የሰው ሽንኩርት በጆንያ አቅፌ ነው የደረስኩት። የደረስኩትም አስፋልቱ ጋ ነው። ቤታቸው ያለው «ቫስቲ» በሚሏት ትንሽ ሰፈር ስለሆነ፣ ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር በእግር ይቀራል። መዝገቡ ግን መንደሩን እንዳለ አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ዝናብ ሲበረታ አባቷ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ያስቀሯታል።

መንገድ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የሕንድ መንግሥት የገጠር መንገድ ፕሮግራም ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለብዙ ሰፈር አድርሷል። መንገድ ግን መኪና አይደለም። ካርናታካ የምትባለው የሕንድ ግዛት በ2023 ለሴቶች የመንግሥት አውቶቡስን ነፃ አደረገች። አውቶቡስ ለማይደርስባት ሴት ነፃ መሆኑ ምን ያደርግላታል?

የባቡሩም ነገር ያው ነው። «ጣቢያው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር» የሚለው ርቀቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ፈጣኑ ባቡር በትንሽ ጣቢያ ሳይቆም ያልፋል።

ስለዚህ ሰው ጠይቁ። የመጨረሻዋ መኪና ስንት ሰዓት ናት? ያመለጠችው ሰው ምን ያደርጋል? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በምን ትሄዳለች፣ በጎረቤት ትራክተር ነው? ትራክተሩ የማን ነው? ነዳጁን ማን ይከፍላል? እዚያ ያለ ሰው ካጣችሁ፣ በየዩኒቨርሲቲው ሕንድ ተምሮ የተመለሰ መምህር አለ፤ እሱን አስቸግሩ። የእነዚህን መልስ ሳይዝ የመጣ ተማሪ፣ የትራንስፖርት ምዕራፉን መልሼ እሰጠዋለሁ።