አንድ ኮምፒውተር በሁለት ኔትወርክ ላይ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። ኮምፒውተር ግን ይወጣል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ካለው አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ሰክቶ በማይተዋወቁ ሁለት ኔትወርኮች ውስጥ በአንድ ጊዜ መቀመጥ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ከተሰካ በኋላ ነው።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን ነው፦ አንደኛው ኢንተርኔት ያለው የተለመደው የሥራ መስመር ነው፣ ሌላኛው ደግሞ ካሜራዎች፣ የፋብሪካ ማሽኖች ወይም የፋይል ሰርቨር ለብቻቸው የተቀመጡበት ዝግ መስመር። ሰውየው ሁለቱንም ከአንድ ወንበር ሳይነሳ ማየት ይፈልጋል። ፍጥነት ለመጨመር ብሎ ይህን የሚያደርግ ካለ ግን ተሳስቷል፤ ሁለት መስመር ስለተሰካ ብቻ ፍጥነቱ አይደመርም።

ዕቃው ቀላል ነው። ዴስክቶፕ ላይ ሁለተኛ ካርድ ይገጠማል። ላፕቶፕ ከሆነ ዋይፋዩ አንድ፣ ኬብሉ ሁለት ነው፤ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር አለ። በአንድ ካርድ ብቻም ይቻላል፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ቪላን (አንዱን መስመር ለብዙ ኔትወርክ መክፈልን) የሚያውቅ ከሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው 802.1ኪው የሚባለው ስታንዳርድ እያንዳንዱ ፍሬም (በኬብሉ የሚሄድ የመረጃ ቁራጭ) ላይ የየትኛው ኔትወርክ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ይለጥፋል፣ ስለዚህ በአንዲት ኬብል ብዙ ኔትወርክ ሳይደባለቅ ያልፋል።

የመጀመሪያው ግዴታ የሁለቱ ኔትወርኮች የአይፒ (የእያንዳንዱ ዕቃ የኔትወርክ አድሬስ) ክልል የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ሌላው ለምሳሌ 10.0.5 ይሁን። ሁለቱም 192.168.1 ከሆኑ ኮምፒውተሩ 192.168.1.20 የሚባለው ዕቃ በየትኛው በኩል እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ያንኑ ክልል ይዘው ነው። መፍትሔው የአንደኛውን ክልል መቀየር ነው። ለግል ኔትወርክ የተፈቀዱት ክልሎች ሰፊ ናቸው፣ በ10 የሚጀምረው ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድሬስ አለው። ስስት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ጌትዌይ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ብዙ ነው፦ በዋይፋይ ኢንተርኔት እየተጠቀመ ቆይቶ ካሜራዎቹን ለማየት ኬብሉን ይሰካል። ካሜራዎቹ ይታያሉ። ኢንተርኔቱ ግን ጭጭ። ኬብሉን ሲነቅል ይመለሳል፣ ሲሰካ ይጠፋል። ኬብሉ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይቀይራል፣ ያው ነው። ኬብሉ ምንም አልሆነም።

ኮምፒውተሩ የራውቲንግ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የትኛው መረጃ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚናገር ዝርዝር አለው፤ ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «ራውት ፕሪንት» የሚለውን ትእዛዝ ብትጽፉ ታዩታላችሁ። ወደ 10.0.5.20 የሚሄድ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ሲመጣ ሰንጠረዡ ውስጥ 10.0.5.0 የሚል መስመር አለ፣ ስለዚህ በኬብሉ ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ወዳለው 8.8.8.8 የሚሄድ ሲመጣ ግን ለእሱ ተብሎ የተጻፈ መስመር የለም። ያኔ 0.0.0.0 ወደሚለው መስመር ይወርዳል፣ ትርጉሙም «የማላውቀውን ሁሉ ለዚህ ስጡት» እንደማለት ነው። ጌትዌይ ማለት ይሄ ነው። ሁለቱም ካርዶች ጌትዌይ ከተሰጣቸው 0.0.0.0 ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ከሁለቱ የሚያሸንፈው ሜትሪኩ (የቅድሚያ ቁጥሩ) ትንሽ የሆነው ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሜትሪኩን ካልነገራችሁት ራሱ ይሞላዋል፣ ለፈጣኑ መስመር ትንሹን ቁጥር ይሰጣል። ሊኑክስ ላይም ኔትወርክ ማናጀር የሚባለው ፕሮግራም በተለምዶ ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። ስለዚህ ኬብሉ ያሸንፋል፣ የኢንተርኔቱ ፓኬት በሙሉ ኢንተርኔት ወደሌለው የካሜራ መስመር ይነጉዳል፣ እዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ጌትዌይ ለአንዱ ካርድ ብቻ። በዝግ መስመሩ ካርድ ላይ አይፒውንና ሰብኔት ማስኩን (የክልሉን ስፋት የሚናገረውን ቁጥር) በእጅ ሞልታችሁ የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ሲያዩ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ፤ አይዟችሁ፣ በዚያው ክልል ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ለማግኘት ጌትዌይ አያስፈልግም። ከዝግ መስመሩ ራውተር ጀርባ ሌላ ክልል ካለ፣ 10.0.6.0 እንበል፣ ለእሱ ብቻ «በ10.0.5.1 በኩል ሂድ» የሚል ቋሚ መንገድ ትጨምራላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ቋሚ ይሁን ብላችሁ ካልነገራችሁት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አብሮ ይጠፋል፣ እናንተም በማግስቱ ትናንት ይሠራ የነበረው ምን ነካው ትላላችሁ።

ስምም ያስቸግራል። የሰርቨሩን ስም የሚያውቀው የዝግ መስመሩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው አገልግሎት) ብቻ ከሆነና ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው የኢንተርኔቱን ከሆነ፣ በአይፒ ይገኛል በስም አይገኝም። ዕቃዎቹ ጥቂት ከሆኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የስምና የአይፒ ዝርዝር፣ ሆስትስ ፋይል በሚባለው ውስጥ፣ ስማቸውን ከአይፒያቸው ጋር መጻፍ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ኔትወርኮች ያገናኛቸዋል ወይ የሚለውን ነው። በራሱ አያገናኝም። ከአንዱ ካርድ የገባን ፓኬት በሌላው ማሳለፍ አይፒ ፎርዋርዲንግ ይባላል፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም በተለምዶ ዘግተውት ይመጣሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ሲጫን ሳይነግራችሁ ይከፍተዋል፤ ዶከር ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያደርጋል። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱን ካርዶች መርጦ ብሪጅ የሚለውን መጫን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ሁለቱ ኔትወርኮች አንድ ይሆናሉ፣ ሁለቱም ወገን ዲኤችሲፒ (አይፒ በራሱ የሚያድል አገልግሎት) ካላቸው በዚህ በኩል ያለው ኮምፒውተር ከዚያኛው አይፒ ሊቀበል ይችላል፣ ከዚያ ማን የት እንደገባ መፈለግ ነው።

ፎርዋርዲንጉ ቢዘጋም መጠንቀቅ አይቀርም። በኢንተርኔቱ በኩል ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ሌላ እጁ ዝጉ መስመር ውስጥ ነው፣ ቫይረሱም ፓኬት እንዲተላለፍለት አይጠብቅም፣ ኮምፒውተሩ የሚያየውን ሁሉ እሱም ያያል። ስለዚህ ያ መስመር ሆን ተብሎ የተለየ ከሆነ፣ በተለይ ማሽን የሚቆጣጠር ከሆነ፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ሰው ሳትጠይቁ እንዳትሰኩ። ከፈቀደ ደግሞ በዝጉ ካርድ ላይ ፋይል ማጋራትን አጥፉ፣ ፋየርዎሉንም ክፍት አትተዉት።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለቱንም መስመሮች እንዳገናኛችሁ አንድ ካሜራ ፒንግ አድርጉ (መልስ መስጠቱን ፈትኑ)፣ ቀጥሎ ወደ ኢንተርኔት ትሬስ ራውት ላኩ፤ ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚወጣው አድሬስ የኢንተርኔቱ ራውተር ከሆነ ጨርሳችኋል። 10.0.5.1 ካላችሁ አንድ ቦታ የረሳችሁት ጌትዌይ አለ።