«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እና የመኪናችን ዳታ

ይቺን አባባል የማያውቅ የለም መቼም። በስም ያንተ የሆነ፣ ጥቅሙ ግን የማይደርስህ ንብረት ሲኖርህ ነው የምትባለው፣ ባዶ ተስፋ ይዞ ለሚኖር ሰውም ይሏታል። መሠረቷ የከብት ኑሮ ነው፤ ገበሬ ዘንድ ላም አለኝ ማለት ወተቱ፣ ቅቤው፣ ጥጃው፣ ኩበቱ ሳይቀር አለኝ ማለት ነው፣ ሰማይ ላይ ያለችን ላም ደሞ ማን ወጥቶ ያልባታል?

እኔን ያስታወሰኝ የአውሮፓ ኅብረት ዳታ አክት የሚባለው የዳታ ሕግ ነው፣ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው። መኪናው ወይ ትራክተሩ ወይ ስማርት ፍሪጁ ያንተ ነው፣ የሚያመነጨው ዳታ ግን አምራቹ ሰርቨር ላይ ነው የሚገባው፣ አንተ አታየውም። ሕጉ ስለ አጠቃቀሙ ወይ ስለ አካባቢው ዳታ የሚሰበስብና ያንን ዳታ በኔትወርክም ሆነ በኬብል ወይ እዛው ዕቃው ላይ መስጠት የሚችል ዕቃ ሁሉ ይመለከተዋል ይላል፣ ዋና ሥራው የሌላ ሰው ዳታ ማከማቸት የሆነ እንደ ሰርቨር ያለ ግን አይገባም።

ወተቱስ የቱ ነው? ፍጥነት፣ የሞተር ሙቀት፣ የባትሪ መጠን፣ ስታንድባይ ላይ ሆኖ (ሳይሠራ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ) የመዘገበውም ጭምር፣ አምራቹ ያለብዙ ድካም የሚያገኘው ከሆነ አንተም በነፃ የማግኘት መብት አለህ፣ በሊዝ የያዝከውም ቢሆን። ካምፓኒው ከዛ ዳታ ላይ በራሱ አልጎሪዝም ተንትኖ ያወጣው ውጤት ግን አይካተትም፣ ወተቱን ስጥ እንጂ ቅቤውን አላለም።

አሁን እኔን የሚከነክነኝ፣ «የምርት ዳታ» የሚባለው አምራቹ እንዲወጣ አድርጎ ዲዛይን ያደረገው ብቻ መሆኑ ነው። ሴንሰሩ ለቅፅበት አንብቦት የሚጠፋ ነገር ካለ አስቀምጥ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ምን እንደሚታለብ የሚወስነው እኮ ላሟን የሠራት ሰው ሆነ!

ደህናው ነገር፣ ዳታዬን ለመረጥኩት ጋራዥ ላክልኝ ማለት ትችላለህ፣ ኅብረቱ ጌትኪፐር (በር ጠባቂ) ብሎ የሰየማቸው እንደነ ጉግል ያሉ ግዙፍ የዲጂታል ካምፓኒዎች ግን በዚህ መንገድ መቀበል አይችሉም። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2026 በኋላ ገበያ የሚገቡት ዕቃዎች ደሞ ቴክኒኩ እስከፈቀደ ድረስ ዳታውን በቀጥታ እንዲሰጡ ሆነው መሠራት አለባቸው። አውሮፓ ያላችሁ ሰዎች መኪና ስትገዙ ምን ዓይነት ዳታ፣ ምን ያህል፣ በምን መንገድ እንደሚገኝ ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ፣ ቀድሞ መንገር የሻጩ ግዴታ ነው።